አስም በዘር ነው ወይ? ስለ ጂን ልዩነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ራሴም አስም አለብኝ። ከታች ያሉት ክፍል ውስጥም ቡና ላይም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው።

ስኒፕ ምንድን ነው? ስሙንም ሰምቼ አላውቅ።

ሰውነታችን የተጻፈበት ጽሑፍ አለ እንበል። ዲኤንኤ ይባላል። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ኤ፣ ቲ፣ ሲ እና ጂ። እነዚህ አራቱ እየተደጋገሙ 3 ቢሊዮን ገደማ ሆነው ከእናት ይመጣሉ፤ ሌላ 3 ቢሊዮን ገደማ ደግሞ ከአባት። የእኔንና የእናንተን ጎን ለጎን ብናስቀምጠው አብዛኛው አንድ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን እኔ ጋ ኤ ያለበት እናንተ ጋ ጂ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ላይ የሚታይ እንዲህ ያለ የአንድ ፊደል ልዩነት ስኒፕ ይባላል።

ብርቅ ነገር አይደለም። የአንድን ሰው ሙሉ ዲኤንኤ ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠው ጋር ሲያስተያዩት ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን ቦታ ላይ ይለያያል። አብዛኛው ልዩነት የአንድ ፊደል ነው። እኛ አፍሪካውያን ደግሞ ከሌላው የበለጠ ልዩነት እንይዛለን። ሰው ረጅሙን ጊዜ የኖረው እዚህ ስለሆነ ልዩነቱ እዚህ ተጠራቅሟል። ወደ ሌላው ዓለም የወጡት ጥቂቶች ይዘውት የሄዱት ከዚያ ላይ ቆንጥረው ነው።

አንድ ፊደል ብትቀየር ምን ታመጣለች?

አንዳንዴ ምንም። ከመናኸሪያ እስከ ፍቅር ሐይቅ ያሉትን ታፔላዎች እያነበባችሁ ሂዱ። አንዱ “ሐዋሳ” ይላል። አንዱ “ሀዋሳ”፣ አንዱ “ሃዋሳ”፣ ቀለሙ የለቀቀው የድሮው ደግሞ “አዋሳ”። ባጃጁ ግን ያው ቦታ ነው የሚያደርሳችሁ። ብዙዎቹ ስኒፖች እንደዚህ ናቸው።

አንዳንዴ ደግሞ “ሳል” የነበረው “ሳቅ” ይሆናል። ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም እንዲህ ነው የመጣው። ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን በሚሠራው ጂን (ከጽሑፉ ለአንድ ሥራ የተመደበው ክፍል ጂን ይባላል) ውስጥ አንዲት ኤ በቲ ተተካች። ያቺ ፊደል ከእናትም ከአባትም ከመጣች ክቡ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይቆለመማል።

ለአስም የሚያስፈልገን ግን ሦስተኛው ዓይነት ነው። ፊደሏ የምትቀየረው ጂኑ ውስጥ ሳይሆን ከጂኑ ውጭ፣ ጂኑ ምን ያህል ይሥራ የሚለው በሚወሰንበት ቦታ ላይ ነው። የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ በሉት። ዘፈኑ ያው ነው፤ ድምፁ ግን ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ ይላል። ከአስም ጋር የተያያዙት አብዛኞቹ ስኒፖች ከዚህ ወገን ናቸው።

አስም ከሰው ወደ ሰው ይጋባል?

አይጋባም። በብርጭቆም፣ በትንፋሽም፣ አብሮ በመተኛትም አይጋባም። ጉንፋን ይጋባል፤ ጉንፋን ደግሞ አስም ያለበትን ሰው ይቀሰቅስበታል። ግራ የሚያጋባው እሱ ይመስለኛል።

እሺ፣ በዘርስ ይተላለፋል?

የሚወረሰው ዝንባሌው ነው። ከወላጆቹ አንዱ አስም ያለበት ልጅ በአስም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ልጅ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ሁለቱም ካለባቸው ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ይህም ሆኖ እናቱም አባቱም አስም ኖሮባቸው በሰላም የሚያድግ ልጅ አለ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። እናቴም አባቴም አስም የለባቸውም፤ ከሰባት ልጆች እኔ ብቻ ነኝ ደረቴ ሲር ሲር የሚለው።

እንዴት ይሆናል ብትሉ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ግማሹን፣ ከአባቱ ግማሹን ይወስዳል። የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። እናትና አባት ወደ አስም ጥቂት ጥቂት የሚገፋፉ ፊደሎች ይዘው ራሳቸው ሳይታመሙ ይኖራሉ። አንዱ ልጅ ላይ ዕጣው ተደራርቦ ሊወድቅ ይችላል።

“የአስም ጂን” የሚባል ነገር ተገኝቷል?

አንድ ለብቻው “የአስም ጂን” የለም። የተገኘው ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ግን ትንሽ ነው የሚሠራው። ትልቁ ግኝት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ተመራማሪዎች አስም ያለባቸውንና የሌለባቸውን ልጆች ዲኤንኤ ከ300,000 በላይ ስኒፖች ላይ አነጻጸሩ። 17ኛው ክሮሞዞም (ዲኤንኤ ተከፋፍሎ ከሚቀመጥባቸው ጥቅሎች አንዱ) ላይ አንድ አካባቢ ጎልቶ ወጣ። አስም ያለባቸው ልጆች ላይ የተወሰኑ ፊደሎች በብዛት ይገኛሉ።

ልብ በሉ፤ የተገኘው ሰፈሩ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። እንግዳ ስልክ ደውሎ “አቶቴ አካባቢ ነኝ” ቢላችሁ ገና ቤት ለቤት መፈለግ ይቀራችኋል። መጀመሪያ የተጠረጠረው ኦአርኤምዲኤል 3 የሚባለው ጂን ነበር። በኋላ ደግሞ ጎረቤቱ ጋዝደርሚን ቢ ተጨመረ። ይህኛው የአየር ቧንቧችንን ከውስጥ በሚያለብሱት ሕዋሳት ውስጥ የሚሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ከ100 በላይ ሌሎች ሰፈሮች ተገኝተዋል። ከእነሱ ውስጥ ኢንተርሉኪን 33 እና ቲኤስኤልፒ የሚባሉትን እወዳቸዋለሁ፤ ሥራቸው ስለሚገባኝ። የአየር ቧንቧው ሽፋን በጭስ፣ በአቧራ ወይም በቫይረስ ሲነካ ኡኡታ የሚያሰሙት እነሱ ናቸው። ኡኡታውን ሰምተው የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ይሮጣሉ። አስም ያለበት ሰው ላይ ለትንሽ ነገር ትልቅ ኡኡታ ይነሳል። ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠብባል፣ አክታ ይሞላል።

የእያንዳንዱ ስኒፕ ጉልበት ምን ያህል ነው? ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ከ100 ልጆች 10ሩ አስም ይይዛቸዋል እንበል። አንዷን ገፋፊ ፊደል የያዙ 100 ልጆች ቢሰበሰቡ 12 ወይም 13 ይሆኑ ይሆናል። 87 ወይም 88ቱ ፊደሏን ይዘው ደህና ናቸው ማለት ነው።

ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ናቸው። ለምን አንዷን ብቻ ያዛት?

አክስቴ እንዲህ ያሉ መንታ ሴት ልጆች አሏት። ዲኤንኤያቸው አንድ ነው። እናታቸው ራሷ ከጀርባ ስታያቸው ትሳሳታለች። ሌሊት ግን አትሳሳትም፤ አንዷ ትንፋሽዋ ሲር ይላል፣ አንዷ እንደ ድንጋይ ትተኛለች። ጂን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ነበር የሚይዛቸው።

እዚህ ላይ ያ 17ኛው ክሮሞዞም ጥሩ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ሕፃናትን ከልደታቸው ጀምሮ ተከታተለ። ገፋፊዎቹ ፊደሎች ከአስም ጋር የተያያዙት በልጅነታቸው በራይኖ ቫይረስ፣ ማለትም በተራው የጉንፋን ቫይረስ፣ ደረታቸው ሲር ሲር ብሎ በታመሙት ልጆች ላይ ነው። እንዲህ ያልታመሙት ላይ ግንኙነቱ አልታየም። ሌላ ጥናት ደግሞ በአውሮፓ ገጠር ላሉ ሕፃናት እነዚያው ፊደሎች እያሉባቸው ከብት በረት አካባቢ ማደጋቸው ደረታቸው እንዳያፏጭ እንደሚረዳ አሳየ። ፊደሉ አንድ ሆኖ ውጤቱ እንደ አካባቢው ተለያየ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ በሁለት ዓመቷ በከባድ ጉንፋን ሆስፒታል ተኝታለች፤ እህቷ አልተኛችም። በእሷ ላይ ምክንያቱ ያ ነው ብዬ መማል አልችልም። ነገሩ ግን እንዲህ ይመስላል።

አያቶቻችን አስም አያውቁም ነበር። ጂናችን ተቀየረ ማለት ነው?

ጂን በአንድ ሁለት ትውልድ እንዲህ አይቀየርም። የተቀየረው ኑሮው ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጅማ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በጅማ ከተማና በዙሪያው ባለው ገጠር የሚኖሩ ሰዎችን ሲያነጻጽሩ አስምም የደረት ማፏጨትም በከተማው ይበዛል። የከተማውና የገጠሩ ሰው ዘመዳማች ነው። የበዓል ዕለት አንድ ትሪ ላይ የሚቀርቡ ሰዎች ናቸው። የሚለያቸው የቤቱ ወለል፣ ፍራሹ፣ የሚረጨው ፀረ ተባይ፣ አየሩ፣ የሆድ ትላትሉ ነው።

ትላትሉን ስል ቀልድ አይደለም። እዚያው ጅማ የቀጠለው ሥራ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ላይ የደረት ማፏጨት እንደሚያንስ አሳይቷል። ትሉ በሰላም እንዲኖር የበሽታ መከላከያችንን ረጋ ያደርገዋል ተብሎ ይታሰባል። (ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ “ታዲያ ትል እንዋጥ?” ይሉኛል። አትዋጡ። መንጠቆ ትል ደም ይጠጣል።)

ሐዋሳ ላይ የራሳችን ጣጣ አለን። የባጃጅ ጭስ፣ የኮብል ድንጋይ አቧራ፣ ቤት ውስጥ ከሰል። እናቴ በርበሬ ስትቆላ እኔ ከግቢ ወጥቼ የጎረቤት በር ላይ እቆማለሁ። ቡና ተፈልቶ ዕጣኑ ማጨሻው ላይ ጠብ ሲል ወንበሬን ወደ በሩ እስባለሁ። እንግዳ ካለ “ቡናችንን ናቀው” ይባላል። ናቄ አይደለም፤ ኡኡታው ተነስቶብኝ ነው።

ከአስም ሌላ በአንድ ፊደል የሚወሰን ነገር አለ?

የጆሮ ኩክ። እውነቴን ነው። ኩካችሁ እርጥብ ይሁን ወይስ ደረቅ የሚወስነው 16ኛው ክሮሞዞም ላይ ኤቢሲሲ 11 በሚባል ጂን ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል ናት። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2006 አረጋገጡት። እኛ ዘንድ እርጥቡ ነው፤ በምሥራቅ እስያ ደረቁ ይበዛል። ያቺው ፊደል የብብት ጠረንንም ትነካለች። ደረቅ ኩክ ያላቸው ሰዎች ብብታቸው እምብዛም አይሸትም። ዲኦዶራንት የማይገዙ ዕድለኞች አሉ ማለት ነው።

ወተትም አለ። ሕፃን ሁሉ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ብዙ ሰው ላይ ካደገ በኋላ ይቀንሳል፤ ያኔ ወተት ሆድ ይነፋል። አንዳንዱ ላይ ግን ዕድሜ ልክ ይሠራል። አውሮፓውያን ላይ ይህን የምታደርገው ፊደል ከጂኑ ወደ 14,000 ፊደል ያህል ርቃ፣ ጎረቤት ጂን ውስጥ ነው ያለችው። ያ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ያልኳችሁ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ አንድ ሳይሆን የተለያዩ ፊደሎች ይህንኑ ሥራ ሲሠሩ ተገኝተዋል። ከብት አርቢው በየፊናው መፍትሔ አግኝቷል። ወተት ሆዳችሁን የሚነፋችሁ እርጎ ሞክሩ። ሲረጋ ባክቴሪያው የተወሰነውን ስኳር ቀድሞ በልቶላችኋል።

ቁመትስ? ሩጫስ?

ቁመት የብዙ ፊደሎች ድምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ 12,111 ስኒፖች አገኘ። አንድ ፊደል ስንት ሴንቲ ትጨምራለች ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። ያም ሆኖ በልጅነቱ በደንብ ያልበላ ልጅ ፊደሉ የፈቀደለትን ያህል አያድግም።

ሩጫ ላይ ሰው “የእኛ ልጆች ጂን አላቸው” ማለት ይወዳል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም ከበቆጂ አካባቢ ናቸው፤ እንዴት ይሆናል? “የፍጥነት ጂን” ተብሎ የሚወራለት ኤሲቲኤን 3 የኢትዮጵያ ሯጮች ላይ ተመርምሯል። ሯጮቹን ሯጭ ካልሆነው ሰው የሚለይ ነገር አልወጣም። የበቆጂን ከፍታ፣ የልጅነት እግር ጉዞውንና አሰልጣኙን ትቶ ሁሉን ለጂን መስጠት የልጆቹን ላብ መቀማት ይመስለኛል።

ዝሆኔ በዘር ነው ይባላል። ከአስም ጋር ምን ያገናኘዋል?

ይህን ጥያቄ ከወላይታ የመጡ ተማሪዎች ሳይጠይቁኝ የቀሩበት ዓመት የለም። የምናወራው በቀይ አፈር ስለሚመጣው የእግር እብጠት ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ትንኝ የሚያስተላልፈው ሌላ ዓይነት ዝሆኔም አለ፤ እሱ ሌላ ነው። ይህኛው ትልም ጀርምም የለውም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በባዶ እግር ቆዳ ይገባሉ። ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚመልሱት ቧንቧዎች ይቆጣሉ፣ ይደፈናሉ። እግር ያብጣል።

አንድ ቀዬ፣ አንድ ማሳ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ። ግን አንዱ ቤት ያብጣል፣ አንዱ ቤት አያብጥም። ሰው “ዘራቸው ነው” ማለቱ ከመሬት ተነስቶ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ወጣ፤ 194 የታመሙና 203 ያልታመሙ ሰዎች ዲኤንኤ ተነጻጸረ። ልዩነቱ የተገኘው 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ኤችኤልኤ በሚባለው ሰፈር ነው። ኤችኤልኤ ማለት ሰውነታችን “ይህ የእኔ ነው፣ ይህ ባዕድ ነው” ብሎ የሚለይበት መሣሪያ ነው። የአስም ስኒፖችም ከሚገኙባቸው ሰፈሮች አንዱ ይኸው ነው። ሁለቱም ላይ ሰውነት ከውጭ ለመጣ ብናኝ ከልክ በላይ ይቆጣል። አንዱ እግር ላይ፣ አንዱ ደረት ላይ።

አሁን ዋናው። ያን ፊደል ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ልጅ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን በውሃና በሳሙና ከታጠበ አያብጥም። ጂኑ አልተነካም። አልታረመም። ጫማ ብቻ። እኔ ስለ ጂን ሳስተምር ከጥቁር ሰሌዳው ሥዕል ሁሉ ይልቅ ይህን ነው የምመልስበት። ያበጠውም ቢሆን እግሩን እያጠበ፣ ቅባት እየቀባ፣ እየጠቀለለ፣ ጫማ እያደረገ ሲከታተል ይቀንስለታል።

“63 በመቶ በዘር ነው” ሲባል ምን ማለት ነው?

ለዚሁ ለዝሆኔ የተሰላ ቁጥር ነው። ለአስምም መንትዮች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ግማሽና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ሰጥተዋል። ሰው ሲሰማው “ከበሽታዬ 63 በመቶው ከጂን፣ ቀሪው ከአፈር” ብሎ ይረዳዋል። አይደለም። ቁጥሩ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ጊዜ፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው ለምን ተለያዩ ለሚለው ነው መልስ የሚሰጠው።

በበቆሎ አስቡት። አንድ ገበሬ ሁለት ዓይነት ዘር ቀላቅሎ አንድ ወጥ በሆነ ማሳ ላይ ዘራ። ውሃው እኩል፣ ማዳበሪያው እኩል። ታዲያ አንዱ አገዳ ከሌላው ቢረዝም ምክንያቱ ዘሩ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 100 ይጠጋል። ያንኑ ዘር ግማሹን ለም መሬት፣ ግማሹን ጭንጫ ላይ ይዝራው። አሁን ትልቁ ልዩነት ከመሬቱ ይመጣል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። ዘሩ ግን አንድም አልተቀየረም። ሁሉም በባዶ እግሩ በሚሄድበት ቀበሌ ማን ያብጣል የሚለውን ጂን ይለየዋል፤ ቁጥሩ ትልቅ ይሆናል። ሁሉም ጫማ ቢያደርግ ግን የሚያብጥ አይኖርም። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ “ምንም አይደረግም” ማለት አይደለም። ይህቺን ነጥብ ፈተና ላይ አውጥቼ ግማሹ ክፍል ይሳሳታል።

ከጂን ከሆነ ታዲያ መድኃኒቱ ምን ይሠራልኛል?

ልጅ ሳለሁ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ባለሙያው እናቴን “የተፈጥሮ ነው፣ ይለምደዋል” አላት። አምናው ይዛኝ ተመለሰች። ሦስት ዓመት እየታፈንኩ ተኛሁ። የዓይን ድክመትም ከቤተሰብ ይመጣል፤ መነጽር ግን ይሠራል። የአስም ዝንባሌ ከየትም ይምጣ፣ የሚታከመው ያበጠው ቧንቧ ነው።

ሰማያዊዋ ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ የጠበበውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ትከፍታለች። እብጠቱን አታጠፋም። እብጠቱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው፤ በየቀኑ የሚወሰድ ነው። ሰማያዊዋን ብቻ እየደጋገሙ መኖር አደጋ አለው። በሳምንት ብዙ ቀን የምትፈልጓት ከሆነ ወደ ሐኪም ሂዱ። “ፓፍ ሱስ ያስይዛል” የሚለው ወሬ ደግሞ ስንቱን ሰው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አድርሶታል። ሱስ አያስይዝም።

ለልጆች አንድ ዘዴ አለ። ሕፃን ፓፉን ሲጫኑለት አብሮ መሳብ አይችልም። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ወስዳችሁ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በጋለ ሽቦ ትበሱታላችሁ። ፓፉን በቀዳዳው አጥብቃችሁ አስገብታችሁ፣ ልጁ በሃይላንዱ አፍ በኩል ይተነፍሳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል፤ ከሚገዛው እኩል ሠርቷል። መጀመሪያ ግን ነርስ ወይም ፋርማሲስት ያሳያችሁ።

ያው መድኃኒት ለእሷ ሠርቶ ለእኔ ያልሠራው በጂን ነው?

ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ግን አሳሳባችሁን አስተያዩ፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ምላስ ላይ ነው የሚቀረው። ሳልቡታሞል የሚያርፍበትን በር የሚሠራው ጂን ላይ የታወቀ የፊደል ልዩነት አለ። የጥናቶቹ ውጤት ግን ስላልተስማማ ፓፍ ከማዘዙ በፊት ማንም ይህን አይመረምርም።

ሌሎች መድኃኒቶች ላይ ነገሩ የጠራ ነው። ኮዴን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ጉበታችን ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያን ላይ ከ100 ሰው 29 ያህሉ ይህን የሚሠራውን ጂን ከሚገባው በላይ ደጋግመው እንደያዙ አገኘ። ይህ የፊደል ሳይሆን የሙሉ ጂን መደጋገም ነው። እነዚህ ሰዎች ላይ ኮዴን ቶሎና በብዛት ሞርፊን ሊሆን ይችላል፤ ለሕፃን ደግሞ አደገኛ ነው። የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድም እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ ጉበት ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው። ያኔ እጅና እግር ሊደነዝዝ ይችላል፤ ቫይታሚን ቢ 6 አብሮ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው።

ወንድሜ ከአሜሪካ የምራቅ መመርመሪያ ላከልኝ። አስም ይይዘኝ እንደሆነ ይነግረኛል?

አይነግርም። ብዙ ስኒፖችን ደምሮ ነጥብ ይሰጣችሁ ይሆናል። ነጥቡ የተሠራው ግን በማን ላይ ነው? እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ስኒፖችን ከበሽታ ጋር በሚያያይዙ ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች ከየ100ው 78ቱ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፤ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው 2 ብቻ። በሰው ልክ የተሰፋ ኮት ነው፤ ትከሻችን ላይ አይቀመጥም። ነጥቦቹ ወደ አፍሪካውያን ሲመጡ ትክክለኛነታቸው በጣም ይወርዳል።

አስምን ለማወቅ ምራቅ አያስፈልግም። ሐኪሙ ታሪካችሁን ይጠይቃል፣ ደረታችሁን ያዳምጣል፣ በመሣሪያ ያስነፋችኋል። ከዚያ ፓፍ ሰጥቶ ደግሞ ያስነፋችኋል። ቱቦው ውስጥ ከመትፋታችሁ በፊት ደግሞ ይህን አስቡ፦ የእናንተ ዲኤንኤ ግማሹ የልጆቻችሁም ነው። ድርጅቱ ዘንድ የሚቀመጠው የእናንተ ብቻ አይደለም።

እጮኛዬ ቤተሰብ ውስጥ አስም አለ። ዘመዶቼ “ዘር አጥራ” አሉኝ።

የጠየቀኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን። መልሴ አጭር ነበር። አግባት። አስም የሚገፋፉት ፊደሎች ብርቅ አይደሉም፤ አንዳንዶቹን ብዙ ሰው ይዟቸዋል። አንተም ጥቂቱን ይዘህ ይሆናል፤ ዘመዶችህም። አጥርተው የሚጨርሱት ዘር የለም። ዝሆኔ ባለበት አገር ስንት ልጃገረድ እግሯ ሳያብጥ በቤተሰቧ ምክንያት ሳትዳር ቀርታለች፤ የጎደለው ጫማ ሆኖ ሳለ።

ሲክል ሴል ላይ መልሴ ይለያል። እሱ በአንድ ፊደል የሚመጣ ስለሆነ፣ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በቤተሰብ ካለ ሁለቱም ቢመረመሩ ጥሩ ነው። አስምን ከእሱ ጋር አንድ ላይ መክተት ግን ስህተት ነው።

ጂኑን አርሞ መገላገል አይቻልም?

ለሲክል ሴል ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ እንግሊዝና አሜሪካ ካስጌቪ የሚባል ሕክምና ፈቀዱ። የሰውየው የመቅኔ ሕዋስ ይወጣል፣ ጂኑ ይቆረጣል፣ ይመለስለታል። የሚገርመው ያቺን የተበላሸች ፊደል አያርምም። ከመወለዳችን በፊት የምንጠቀምበትን ሄሞግሎቢን የዘጋውን ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚነካው። አሜሪካ ውስጥ የተተመነለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው።

አስም ላይ የሚታረመው የትኛው ነው? ከመቶ በላይ ሰፈር፣ እያንዳንዱ ጥቂት የሚገፋ፣ ሳንባ ውስጥም ደም ውስጥም የተበተነ። ጥናቱ ግን በሌላ በር ጠቅሟል። ኡኡታ ያሰማሉ ካልኳችሁ አንዱን፣ ቲኤስኤልፒን፣ አፉን የሚይዝ ቴዜፔሉማብ የተባለ መርፌ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለከባድ አስም ተፈቅዷል። በወር አንዴ ይወጋል፤ ዋጋው ከእኛ ኪስ በላይ ነው። እኔ ጋ ያለችው ያቺው ቤክሎሜታዞን ናት። ጠዋትና ማታ እስባለሁ፣ አፌን እጉመጠመጣለሁ፣ እናቴ በርበሬ ስትቆላ ደግሞ የጎረቤት በር ላይ ነኝ።